የተሸነፈ ሐሳብም መዝገብ ላይ ቦታ አለው
በድምፅ አሰጣጥ ላይ የሚነሣ ውዝግብና የቃለ ጉባኤ አያያዝ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ለአባላት ስለ ቀረበው የአፈር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ስለ ተገነባው መጋዘንና ስለ ተከፋፈለው ትርፍ መናገር የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የቆሙበት፣ በበዓል ቀን ግን ስሙ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። እሱም በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጠው የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነው። መጋዘኑ የተሠራው፣ ብድሩ የተወሰደው፣ ትርፉ የተከፋፈለው በዚያ መዝገብ ላይ በሰፈረ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ደግሞ የጸደቀው በአባላት ድምፅ ነው። ድምፁ ያወዛገበ እንደሆነ ወይም መዝገቡ የታማ እንደሆነ መጋዘኑም፣ ብድሩም፣ ትርፉም አብረው ይታማሉ።

አንድ ማኅበር የሚዳከመው በገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። «ያን ዕለት እንዲህ አልተወሰነም» የምትል አንዲት አነጋገር መልስ ሳታገኝ ስትቀር ማኅበሩን ለሁለት ትከፍለዋለች። ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት ባንክ ለእህል መግዣ የሚሆን ብድር ለመስጠት የጉባኤውን ውሳኔ የያዘ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል። ከአባላቱ ከፊሉ ውሳኔውን የሚክድ ከሆነ ብድሩ ይዘገያል። ብድሩ ሲዘገይ የትምህርት ቤት ወጪና የግብር ዕዳ ያለበት ገበሬ እህሉን በተገኘው ዋጋ ለነጋዴ ይሸጣል። እንግዲህ በአዳራሽ ውስጥ በችኮላ የተሠራ የድምፅ ቆጠራ ስሕተት ውሎ አድሮ በኩንታል ዋጋ ላይ ይታያል ማለት ነው።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ አጭር ነው። ያሸነፈ ወገን መዝገብ ባይኖርም ውሳኔውን ያስታውሳል። የመዝገቡ ጥንካሬ የሚለካው የተሸነፈው ወገን አንብቦት «አልተስማማሁበትም፤ ነገር ግን የሆነው ይኸው ነው» ለማለት ሲችል ነው።

አንድ አባል፣ አንድ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ 28 ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንዲት አነስተኛ ሱቅ ከፈቱ። የእነዚያን ሰዎች ማኅበር በዓለም እንዲታወቅ ያደረገው የሱቁ ትልቅነት አልነበረም። ብዙ ገንዘብ ያዋጣውም ጥቂት ያዋጣውም በስብሰባ ላይ እኩል አንድ ድምፅ ይኑረው የሚለው ሥርዓታቸው እንዲሁም ሒሳባቸውን ለአባላት በየጊዜው ማሳወቃቸው ነው። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቃቸው ሰባት መርሖዎች ውስጥ ዴሞክራሲያዊ የአባላት ቁጥጥር በሁለተኛ ደረጃ ሰፍሯል። በአገራችንም በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 እና እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ጠቅላላ ጉባኤን የማኅበሩ የበላይ አካል አድርገውታል። 

ሕጉ መልካም ሆኖ ሳለ ድምፁ የስም ብቻ ከሆነ ምን እንደሚከተል ከራሳችን ታሪክ ማየት ይቻላል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከተቋቋሙት የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ብዙዎቹ በላይ አካል ግፊት የተመሠረቱ ነበሩ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አውጆ ገበሬው የመውጣት ነጻነት ሲያገኝ፣ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። መሬቱም በሬውም ተከፋፈለ። ገበሬው ሳይሰማማ እንደተስማማ የተቆጠረበት ማኅበር የመጀመሪያዋ በር ስትከፈት ባዶ ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በወረቀት ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ መጻፍ አባልን በማኅበሩ ውስጥ አያቆየውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ያለ አዋጅና ያለ ባለሙያ ለዘመናት የኖረ የራሳችን ሥርዓት አለ። ዕቁብ ሲጣል ዕጣው የሚወጣው ዕቁብተኛው ሁሉ እያየ ነው። የዕቁቡ ዳኛ የቱንም ያህል የታመነ ሰው ቢሆን፣ ዕጣውን ቤቱ አውጥቶ «ለእገሌ ወጥቷል» ቢል የሚቀበለው የለም። ዳኛው ስለተጠረጠረ አይደለም። ዕጣው ያልወጣለት ሰው በሚቀጥለውም ሳምንት ገንዘቡን ይዞ የሚመጣው በዓይኑ ስላየ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ድምፅ አሰጣጥም ከዚህ ያነሰ ግልጽነት ሊኖረው አይገባም።

ውዝግቡ ከየት ይነሣል?

ለምሳሌ ያህል 412 አባላት ያሉት አንድ ማኅበር ይታሰብ። የመተዳደሪያ ደንቡ ጉባኤ የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሲገኙ ነው ይላል እንበል። ስለዚህ 207 ሰው ያስፈልጋል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 231 አባላት ፈርመው ገቡ፤ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ መንገድ የሚርቃቸውና ከብት የሚጠብቃቸው ከወጡ በኋላ፣ መጋዘን ለማሠራት ብድር ይወሰድ ወይስ አይወሰድ የሚለው አጀንዳ ለድምፅ ቀረበ። 98 ሰዎች ደገፉ፤ 91 ሰዎች ተቃወሙ። ጸሐፊውም «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ጻፈ።

ይህ ውሳኔ ከወር በኋላ ቢነቀፍ ማን ሊከላከልለት ይችላል? 98 እና 91 ሲደመሩ 189 ይሆናሉ። ጠዋት ከፈረሙት 42 ሰዎች ጎድለዋል። እነዚህ 42 ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ሆነው ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉ ናቸው ወይስ ወደ ቤታቸው የሄዱ ናቸው? ቢያንስ 18ቱ ተቀምጠው ከነበረ ምልዓተ ጉባኤው አልጎደለም። ሁሉም ሄደው ከነበረ ግን ጉባኤው ለመወሰን የሚያስችል ቁጥር አልነበረውም። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉትን መቁጠር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። ባለመቆጠራቸው ግን መልሱን የሚያውቅ ሰው የለም።

ሌላም ጥያቄ አለ። 18 ሰዎች ድምፀ ተዓቅቦ አድርገው 207 ሰዎች በአዳራሹ ነበሩ ቢባል፣ 98 አብላጫ ነው? ደንቡ «ድምፅ ከሰጡት» የሚል ከሆነ 98 ከ91 ስለሚበልጥ ውሳኔው ጸድቋል። ደንቡ «ከተገኙት አባላት ከግማሽ በላይ» የሚል ከሆነ ግን የሚያስፈልገው 104 ነውና ውሳኔው ወድቋል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ውጤቱ በደንቡ አንዲት ቃል ይለወጣል። በመሆኑም ሰብሳቢው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አግባብ ያለውን የደንብ አንቀጽ ጮክ ብሎ ሊያነብ ይገባል። ከቆጠራ በኋላ የሚነበብ አንቀጽ ለአንዱ ወገን የተፈለገ ይመስላል።

በሥራ አመራር ኮሚቴ ደረጃም ችግሩ በትንሽ ቁጥር ይደገማል። ከሰባት የኮሚቴ አባላት አምስቱ ተገኝተው የእህል ማጓጓዣ መኪና ኪራይ በ3 ለ2 ድምፅ ወሰኑ እንበል። ከሦስቱ ደጋፊዎች የአንዱ ወንድም የመኪናው ባለቤት ከሆነ፣ ያ የኮሚቴ አባል ዝምድናውን አስታውቆ ከውይይቱም ከድምፁም መውጣት ነበረበት። እሱ ሲወጣ ድምፁ 2 ለ2 ይሆናል። ያን ጊዜ ሰብሳቢው የመለያ ድምፅ አለው ወይስ የለውም የሚለውን የሚመልሰው ደንቡ ነው። ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤው ካልሰፈረ፣ የኪራዩ ዋጋ ትክክለኛ ቢሆን እንኳ ኮሚቴው ከሐሜት አይድንም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የፊርማ ጉዳይ ነው። በብዙ ስብሰባዎች ላይ አባላት በመግቢያው ላይ ይፈርማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ለውሎ አበል ይፈርማሉ። ያ የፊርማ ወረቀት በኋላ ከተጻፈ ቃለ ጉባኤ ጋር ሲያያዝ መገኘትን ያረጋገጠ ፊርማ ውሳኔን እንዳጸደቀ ፊርማ ይቆጠራል። ማንበብ የማይችል አባል ደግሞ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያሳረፈው ለምን እንደሆነ የሚያውቀው በተነገረው ልክ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በመገኛው ወረቀት ላይ ከስሞቹ በላይ «ይህ ፊርማ በስብሰባው መገኘትን ብቻ ያረጋግጣል» ተብሎ ይጻፍ። የአበል መክፈያው ለብቻው ይሁን። ውሳኔዎቹም ጉባኤው ሳይበተን ጮክ ተብለው ይነበቡ።

ድምፁ ሲቆጠር

እጅ በማውጣት የሚሰጥ ድምፅ ከሩቅ በዓይን አይገመትም። አባላት በየጎጣቸው ወይም በየረድፋቸው ተቀምጠው ሁለት ቆጣሪዎች፣ አንዱ ከደጋፊዎች አንዱ ከተቃዋሚዎች ተመርጠው፣ ረድፍ በረድፍ ቢቆጥሩና የየረድፉን ቁጥር ጮክ ብለው ቢናገሩ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ባልና ሚስት ሁለቱም አባል ከሆኑ ሁለት ድምፅ አላቸው። አባል የሆነች ሚስት በሌለችበት ባል የእሷን እጅ ጨምሮ ሊያወጣ አይችልም፤ በተገኘችበትም የእሷ እጅ የእሷ ነው።

የኮሚቴ ምርጫ ሲሆን ተወዳዳሪ የሆነ ሰው ሰብሳቢም ቆጣሪም መሆን የለበትም። አስመራጭ ኮሚቴው ከተወዳዳሪዎች ውጪ ይመረጥ። በወረቀት የተሰጠ ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ በፖስታ ታሽጎ፣ በፖስታው ላይ አስመራጮቹ ፈርመውበት፣ የአቤቱታው ጊዜ እስኪያልፍ ይቀመጥ። በችኮላ የተቃጠለ የምርጫ ወረቀት ንጹሕ የሆነውንም ምርጫ ያስጠረጥራል።

ቆጠራው ያጠራጠረው አባል ካለ ደግሞ ድጋሚ ቆጠራ መጠየቅ ያለበት እዚያው፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሳይታለፍ ነው። ሰብሳቢውም ጥያቄውን እንደ ድፍረት ሊቆጥረው አይገባም። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ድጋሚ ቆጠራ ዓመት ከሚፈጅ ክርክር ይረክሳል።

በዩኒየን ደረጃ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በዩኒየኑ ጉባኤ ላይ ድምፅ የሚሰጡት የየመሠረታዊ ማኅበሩ ተወካዮች ናቸው። ተወካዩ የተመረጠበት የመሠረታዊ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ጉድለት ካለበት፣ ዩኒየኑ ላይ የሰጠው ድምፅም ጥያቄ ይነሣበታል። ስለዚህ የውክልናው ደብዳቤ ከተወካዩ ምርጫ ቃለ ጉባኤ ቅጂ ጋር ከስብሰባው ቀን በፊት ሊመረመር ይገባል።

በመዝገቡ ላይ ምን ይስፈር?

ሄንሪ ሮበርት የተባለ የአሜሪካ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1876 አንድ የስብሰባ ሥነ ሥርዓት መመሪያ አሳትሞ ነበር። በዚያ አገር ብዙ ማኅበራትና የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ቦርዶች እስከ ዛሬ ይመሩበታል። እዚያም የሚነሣው ክርክር ከእኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ማን ድምፅ ሰጠ፣ ምን ተጻፈ፣ ማን አረመው የሚል ነው። የመመሪያው አንዱ ቁም ነገር ቃለ ጉባኤ በዋናነት የተደረገውን እንጂ የተባለውን ሁሉ አይመዘግብም የሚለው ነው። የአንድን ተናጋሪ ንግግር በሙሉ ጽፎ የሌላውን መዝለል አድልዎ ይሆናል፤ የሁሉንም መጻፍ ደግሞ አይቻልም።

ሊጻፍ የሚገባው ግን መጉደል የለበትም። የአባላት ጠቅላላ ብዛት፣ በስብሰባው መክፈቻና በየድምፅ አሰጣጡ ጊዜ የተገኙት ቁጥር፣ ለድምፅ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ቃል በቃል፣ የደገፉ፣ የተቃወሙና ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉ ቁጥር፣ እንዲሁም ውሳኔውን የሚፈጽመው አካልና ጊዜው ይስፈሩ። «መጋዘን እንዲሠራ ተወስኗል» የሚል ውሳኔ በስንት ብር፣ የት ቦታ፣ ከየት በተገኘ ገንዘብ የሚለውን ካልያዘ በኋላ ሁሉም የየራሱን መጋዘን ይሠራበታል።

ከዚህ ጋር የልዩነት ሐሳብ መመዝገብ አለበት። «እኔ የተቃወምኩት የብድሩ ወለድ ስላልተገለጸ ነው፤ ይጻፍልኝ» የሚል አባል የጠየቀው ሁለት መስመር ነው። ሁለቱ መስመሮች ሲጻፉለት ውሳኔውን ለመፈጸም ይቀለዋል፤ ነገ ችግር ቢመጣም ማኅበሩ ቀድሞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ መዝገብ ላይ ያገኛል። ሳይጻፍለት ሲቀር ግን ሐሳቡን ጠላ ቤትና ገበያ ላይ ይናገረዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ለተሸናፊውም ይሠራል።

መዝገቡ ራሱ በገጽ ቁጥር የተያዘ ጥራዝ ይሁን። በገጾች መካከል ባዶ መስመር አይተው፤ ከተተወም በሰያፍ ይሰረዝበት። መዝገቡ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ እንጂ በጸሐፊው ቤት አይደር። አባል ለማየት ሲጠይቅ በጽሕፈት ቤቱ፣ ኃላፊው ባለበት ያንብብ።

ሦስቱን አለመቀላቀል

ውዝግብ ከተነሣ በኋላ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድ መንገድ ለመፍታት መሞከር ነው።

አንደኛው የአጻጻፍ ስሕተት ነው። ጉባኤው 98 ብሎ ጸሐፊው 89 ጽፎ ከሆነ፣ ቀጣዩ ስብሰባ ተነቦለት ያርመዋል። የተሳሳተው ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ የቀድሞው ጽሑፍ እንደሚነበብ ሆኖ፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ የታረመበት ቀንና የሰብሳቢው የጸሐፊው ፊርማ ያርፍበታል። ገጽ መቅደድ፣ በነጭ ቀለም መሸፈን ወይም ቃለ ጉባኤውን እንደ አዲስ መገልበጥ እውነተኛውን እርማት እንኳ ሐሰት ያስመስለዋል።

ሁለተኛው የአፈጻጸም ጉድለት ነው። ቆጠራው ከተሳሳተ፣ ምልዓተ ጉባኤው ከጎደለ ወይም ድምፅ የማይገባው ሰው ድምፅ ከሰጠ፣ ብዕር ሊያስተካክለው አይችልም። የሆነው ነገር እንደሆነ ተጽፎ ይቆይና፣ ጉዳዩ በደንቡ መሠረት ማስታወቂያ ወጥቶበት እንደገና ለድምፅ ይቅረብ። የተሳሳተው ድምፅ ውጤቱን ሊለውጥ ይችል ነበር ወይ የሚለውም ይታይ። በ160 ለ40 ባለቀ ውሳኔ ላይ የሁለት ሰዎች ድምፅ መጠርጠር ውሳኔውን አይገለብጠውም፤ ስሕተቱ ግን ይመዘገባል።

ሦስተኛው የሐሳብ ለውጥ ነው። ጉባኤው ሰኔ ላይ የወሰነውን መስከረም ላይ ሊተወው መብቱ ነው። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው በአዲስ አጀንዳ፣ በአዲስ ድምፅና በአዲስ ቃለ ጉባኤ ነው። የሰኔው ቃለ ጉባኤ የሰኔውን እውነት እንደያዘ ይኖራል። ማኅበር ወደፊት የሚሠራውን መለወጥ ይችላል፤ ትናንት የሆነውን በድምፅ ብልጫ ሊለውጠው አይችልም።

አቤቱታው ወዴት ይሂድ?

ቅሬታ ያለው አባል ቅሬታውን በጽሑፍ፣ ደንቡ በወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ ለቁጥጥር ኮሚቴው ያቅርብ። ኮሚቴው መዝገቡን፣ የመገኛውን ወረቀትና የታሸገውን ፖስታ ከሁለቱም ወገን ሰው ባለበት ይመርምር፤ የደረሰበትንም ለጉባኤው ያሳውቅ። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ የኅብረት ሥራ ሕጋችን ከፍርድ ቤት በፊት የዕርቅና የግልግል ዳኝነት መንገድ አበጅቷል። ለገበሬ ይህ መንገድ አዲስ አይደለም፤ ሽማግሌ ከዳኛ በፊት መቀመጡ የቆየ ልማዱ ነው።

ክርክሩ እስኪያልቅ ሥራው ሁሉ ይቁም ማለት ደግሞ አይደለም። ቀድሞ በጸደቀ ዕቅድ የሚከናወን የእህል ግዥና የማዳበሪያ ሥርጭት ይቀጥል። ሊመለሱ የማይችሉት፣ ማለትም ንብረት መሸጥ፣ አዲስ ብድር መፈረም፣ አባል ማሰናበት ግን ይቆዩ። ይህ ሲሆን የክርክሩ ዕዳ በአባላት ጎተራ ላይ አይወድቅም።

የመንግሥት አካላት ድርሻም በዚህ ውስጥ ከባድ ነው። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ደንቡን ሊያስረዳ፣ ኦዲትና ኢንስፔክሽን ሊያካሂድ፣ ጸሐፊዎችን ሊያሠለጥን ይገባዋል። የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ራሱ ከጻፈው ወይም ድምፁ ወደ አንድ ወገን እንዲያጋድል ከመከረ ግን ነገ በዚያው ጉዳይ ላይ መርማሪ ሆኖ መቅረብ አይችልም። ነጻነትና ራስን መቻል ከሰባቱ መርሖዎች አንዱ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

የተከበራችሁ አባላት፤

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል በየማኅበሩ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ድር የሚያብረው እያንዳንዱ ክር ቦታውን ሲያገኝ ነው። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እያንዳንዱ ማኅበር ሦስት ነገሮችን ብቻ ቢጀምር ብዙ ውዝግብ ይቀራል፦ ድምፀ ተዓቅቦን ጨምሮ መቁጠር፣ የልዩነት ሐሳብን መጻፍ፣ ጉባኤው ሳይበተን ውሳኔውን ማንበብ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ጥራዝ መዝገብ፣ አንድ እስክሪብቶና እስከ መጨረሻው የሚቀመጡ አባላት ይበቃሉ።

መልካም የምሥረታ በዓል!